አብሬሽ ስቆጥር

ጥቅምት 4 ቀን

ልጄ፣

እንደ ወጉ ለጤናሽ እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ አልቻልኩም። ደብዳቤሽን ፖስታ ቤት እንደቆምኩ ነው ያነበብኩት። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሴት «እትዬ፣ ደህና ነዎት? ወንበር ላምጣ?» እስክትለኝ ድረስ አፌ ይስቃል፣ ዓይኔ ያነባል። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፅሽ ጠፍቶ፣ ድንገት አራት ገጽ! እሱም ጥያቄ በጥያቄ! እኔ ደግሞ ሰው ከሚሰጠኝ ነገር ሁሉ እንደ ጥያቄ የምወደው የለም፤ ታውቂኛለሽ።

አንቺ የፒያኖ አስተማሪ! ስምንት ዓመት ሳይሞላሽ እጅሽን ይዤ ወንበሩ ላይ ያወጣሁሽ ልጅ! በዚያ ሩቅ ከተማ፣ ትምህርት ቤት ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ቁልፉ የማይጮህ ፒያኖ ይዘሽ። ግድ የለም፣ የኔም ሲዘንብ አራቱ ይተኛሉ።

ሳልሰናበት ሄድኩ ብለሽ ይቅርታ ጠይቀሻል። ተይው። ከዚያ ዝግጅት በኋላ ማን ተሰናብቶ ይሄዳል? አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው፤ አንቺ ዜማው መሐል ላይ ቆመሽ፣ እጅሽን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ፣ ከዚያ ተነሥተሽ ወጣሽ። ሳምንት ሳይሞላ እናትሽ «አክስቷ ዘንድ ሄዳለች» አለችኝ። ይቅርታሽን አልፈልግም። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለተኛ ዝም እንዳትይኝ። ይኼ ቤት ያንቺን ዝምታ ደግሞ የሚችል አይመስለኝም።

በይ እንግዲህ ወደ ሥራችን።

እጁን እያየ ለሚጫወተው ልጅ «ኖታውን እይ! ኖታውን እይ!» እያልሽ አትጩኺበት። እኔ አንድ ዓመት ጮኼ የተረፈኝ የጉሮሮ ሕመም ነው። ጋዜጣ ውሰጂና ከእጁ በላይ ዘርግተሽ ያዢለት። እጁ ከሥር ይጫወታል፤ ዓይኑ የሚያየው ሲያጣ በራሱ ጊዜ ወደ ኖታው ይወጣል። መጀመሪያ ሦስት ድምፅ ብቻ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አንድ መስመር። ብቻ የስፖርቱን ገጽ ወደ ላይ እንዳታደርጊ። አንዱ ተማሪዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ የኳስ ውጤት ሲያነብ ከርሞ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ «እንዴት አንገቱን ቀና አደረገ!» እያልኩ እናቱ ፊት አሞግሰዋለሁ።

«ባቡር» ብለሽ ስም ያወጣሽለት ደግሞ፣ ሩጫው ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። መጀመሪያውን መቶ ጊዜ ተጫውቶታል፤ መጨረሻውን ሦስት ጊዜ። ስለዚህ የማያውቀውን ቶሎ ሊገላገል ነው የሚጣደፈው። «ቀስ በል» ብትይው አይሰማሽም። ከመጨረሻው አስጀምሪው። የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ይጫወት፤ ሲለምዳት ከሷ በፊት ያለችውን ጨምሪለት፣ እንዲያ እንዲያ እያልሽ ወደ ኋላ ሂጂ። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ ወደሚያውቀው ቦታ ነው የሚሄደው። ወደ ገዛ ቤቱ የሚገባ ሰው ምን ያስሮጠዋል?

ሦስተኛው፣ ጆሮ ያለው፣ አንዴ ስትጫወቺለት ዜማውን ሰርቆሽ የሚሄድ፣ ኖታ አንብብ ሲባል ግን ሆዱን የሚያመው። አትጫወቺለት! እጅሽን ከሥርሽ አድርገሽ ተቀመጪበት። ሰምቶት የማያውቀውን አጭር ነገር ስጪው። ጆሮውን ግን አትናቂበት፤ በሳምንት አንድ ቀን የሰማውን በኖታ እንዲጽፍ አድርጊው። መጻፍ የጀመረ ልጅ ማንበቡን ሳያስበው ይለምደዋል።

አራተኛዋን ጥያቄሽን አይቻታለሁ። ሰፋ ያለች ናት፤ ወረቀቱም አለቀብኝ። በሚቀጥለው እመልስልሻለሁ።

እትዬሽ

ጀርባውም ባዶ ነው ለካ! መስኮቴ ሥር ያለው ጫማ ሰፊ አሁንም አለ። አሁንም ስኬል ሳስጠና መዶሻውን ከምቱ ጋር ያስኬዳል፤ አንዳንዴ ከተማሪው ይሻላል። ባለቤቴ ያረፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሆቴል ውስጥ ሲጫወት የሚለብሳት ጥቁር ኮት በሩ ኋላ ተሰቅላለች፤ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ቀና እላለሁ። ጻፊልኝ። አጭርም ቢሆን ጻፊልኝ።


ኅዳር 1 ቀን

የተከበሩ እትዬ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ድምፅዎን ሰማሁት። ጋዜጣው ሠርቷል። ባቡርም ከመጨረሻው መስመር ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጋጭ ጣቢያ ደርሷል።

አራተኛዋን ግን አልመለሱልኝም። በደንብ አልገለጽኳት ይሆናል፤ ልድገማት። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጭምቷ እንላታለን። ሁለታችን ብቻ ስንሆን አንድ ጣት አትስትም። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ከአጠገቧ ከራቅሁ ግን ትቆማለች። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። ዜማው እኔ ያኔ የተጫወትኩት ነው፤ ከዚያ የተሻለ አላውቅም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለቱም እጆች ሦስት ምት የሚያርፉበትን ባዶ ቦታ ያስታውሱታል? እዚያ ስትደርስ እጇን ታነሣና አትመልሰውም።

እኔም እዚያው ነው የቆምኩት። ስለዚህ ማንንም ሳይሆን እርስዎን ነው የምጠይቀው።

ጥር 30 የወላጆች ዝግጅት አለ። እናቷ «አንዴ በሰው ፊት ካፈረች ሁለተኛ ፒያኖ አጠገብ አትደርስም» ብላኛለች። ምን ላድርግ?

አክባሪዎ


ኅዳር 19 ቀን

ልጄ፣

ስላቆየሁሽ አትቀየሚኝ። ሥራ ነው! አሥራ አንድ ተማሪ ይዤ እኮ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ቤቱ አይበቃንም፤ ወንበር ከጎረቤት ነው የምዋሰው።

አንዱን ብታይው ትወጂው ነበር። አንዱን ስልሽ ልጅ እንዳይመስልሽ፤ ጋሼ ቀያሹ፣ አርባ ዓመት መሬት ሲለኩ ኖረው ጡረታ የወጡ። ትናንት ማስመሪያ ይዘው መጡልኝ። «እትዬ፣ ከዚህ ቁልፍ እስከዚያኛው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?»

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ሊሠሩበት ነው እንዴ?»

«እኔ ሳልለካ የረገጥኩት መሬት የለም፤ በስተርጅናም አልጀምርም!»

እጃቸው እንጨት ነው። አንቺ እንጨት እጅ ያለው ተማሪ ከገጠመሽ «ዘና በል» አትበዪው፤ ዘና በል ሲባል ዘና ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ክንዱን ከሥር ደግፈሽ ያዢለትና ክብደቱን ሁሉ ላንቺ እንዲለቅልሽ ጠብቂ። ከዚያ ድንገት ልቀቂው። ክንዱ እንደ እርጥብ ፎጣ ዱብ ካለ ለቆልሻል፤ አየር ላይ ተገትሮ ከቀረ ገና ነው። የጋሼ ክንድ ሦስት ወር ሙሉ አየር ላይ ቀረ። ባለፈው ሳምንት ዱብ ብሎ ጉልበታቸውን ሲመታቸው ሁለታችንም አጨበጨብን።

እናቶቹን ደግሞ «ልጄ ቤት አይለማመድም» ብለው ሲያማርሩሽ፣ የፒያኖውን ክዳን እንዳይዘጉ ብቻ ንገሪያቸው። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ልጅ ሲያልፍ ሲያገድም መንካቱ አይቀርም። በቀን አምስት ጊዜ ለሁለት ሁለት ደቂቃ መንካት፣ እያለቀሱ አንድ ሰዓት ከመቀመጥ ይበልጣል።

ለጭምቷ ደግሞ... ውሃ አጠጫት። በረጅሙ ትተንፍስ። ሰዎቹን ሳይሆን ግድግዳውን ትይ። እንዲህ ያለው ነገር ጊዜ ይፈልጋል። በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

ያለሽበት ብርድ ነው ወይ? ክፍልሽ መስኮት አለው? ማታ ማታ ከማን ጋር ታወሪያለሽ? ይኼን ሁሉ መልሺልኝ።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 10 ቀን

የተከበሩ እትዬ፣

ክፍሌ አንድ መስኮት አለው፤ ወደ ግንብ ነው የሚያየው። ከማንም ጋር አላወራም።

ውሃውንም ግድግዳውንም ሞከርኩ። የቢሮ ጸሐፊዋን ጠርቼ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጥኳትና እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ጭምቷ እዚያው ቦታ ላይ ቆመች። እጇን አንሥታ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኗን ቢያዩት!

ያላደረግሁት ነገር ያለ አይመስለኝም። እርስዎ ያስተማሩኝን አንድም ሳልቀንስ ነው የማስተምራት። በስተቀኟ እቀመጣለሁ፤ ልክ እርስዎ ያደርጉልኝ እንደነበረው ከሥር ከሥር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልኩ አብሬያት እቆጥራለሁ። እንዲያ ስናደርግ ወፍ ናት። ስለዚህ ጥፋቱ የትምህርቱ አይደለም፤ የተፈጥሮ ነው።

ከዝግጅቱ ላስወጣት ወስኛለሁ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩን ለርእሰ መምህሩ አስገባለሁ። ያኔ እርስዎ የነገሩኝን እነግራታለሁ፦ «አንዳንድ ልብ ለመድረክ አልተፈጠረም፤ ጥፋትሽ አይደለም።» እኔ በዚያ ቃል ኖሬአለሁ፤ እሷም ትኖራለች።

ከእንግዲህ ስለሷ አላስቸግርዎትም።

አክባሪዎ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ዛሬ ጠዋት ነው የተቀበልኩት፤ መልሴን ዛሬውኑ በፈጣኑ ፖስታ እልከዋለሁ። ልጅቷን እንዳታስወጫት። ሌላውን ባታነቢው እንኳ ይቺን መስመር አንብቢ። የምትይውንም ቃል እንዳትነግሪያት። ውሸት ነው። ያኔም ውሸት ነበር።

ቁጭ በይና ስሚኝ። ወይም ቆመሽ ስሚኝ፣ እንደፈለግሽ።

ዘጠኝ ዓመት በስተቀኝሽ ተቀምጬ ቆጠርኩልሽ። ድምፄን ስለምወደው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ባለቤቴ «ሴትዮ፣ ልጅቷ ትቁጠር እንጂ!» ይለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ «አንተ ሆቴል ውስጥ ለሰካራም ተጫወት፣ ስለ ልጅ ምን ታውቃለህ!» እለው ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ባሰብኝ። ማንም በማያወራበት ቤት ውስጥ ያንቺ ሰዓት ሲደርስ ስድስቱን ቀን ያጠራቀምኩትን ድምፅ ሁሉ አንቺ ላይ አፈሰስኩት።

በዝግጅቱ ቀን አስተማሪዎች የኋላ ወንበር እንድንቀመጥ አዘዙን። አንቺ ጀመርሽ። እንደዚያ ሆነሽ ተጫውተሽ አታውቂም፤ ፊት ያሉት ሁሉ አንገታቸው ሰገገ። ሁለተኛው ገጽ ደረስሽ። እጅሽን አነሣሽ። እጆችሽ ሲጫወቱ እርስ በርስ ይመራራሉ፤ ባዶው ቦታ ላይ ግን የሚመራሽ ምንም የለም፣ መቁጠር ብቻ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚሰማው የኔ ድምፅ ነበር። እኔ ደግሞ ሃያ ወንበር ኋላ ተቀምጬ በከንፈሬ ብቻ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ቀና ብለሽ ወደ ቀኝሽ አየሽ። ሰዎቹን አይደለም። ወደ ቀኝሽ፣ እኔ ወደምቀመጥበት።

ልጄ፣ አንቺ ፈርተሽ አይደለም የቆምሽው። እኔን ስትጠብቂ ነው።

ያን ጊዜውኑ ነው የገባኝ። ኋላ አስቤ አስቤ የደረስኩበት እንዳይመስልሽ፤ እዚያው ወንበር ላይ እንዳለሁ ነው። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አገኘሁሽ። ልነግርሽ ነበር። አራት እናቶች ከኋላዬ ቆመው ይሰሙኛል፤ ልጆቻቸውን ሁሉ እንዲሁ ነው ያስተማርኳቸው። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው «አንዳንድ ልብ ለመድረክ አልተፈጠረም» የሚለው ነው። አማረልኝ። እናቶቹም አንገታቸውን ነቀነቁ። ጥፋቴን አንቺ ልብ ውስጥ አስቀምጬ ቤቴ ገባሁ።

አራተኛዋን ጥያቄሽን ከመጀመሪያው ቀን አውቃታለሁ። ከመለስኩልሽ ትሄጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ደብዳቤሽ ከመጣ ጀምሮ ፖስታ ቤት የምሄድበት ምክንያት አለኝ፤ ጫማ ሰፊው እንኳ «እትዬ ዛሬም ሽክ!» ይለኛል። ያን ላለማጣት ስል ልጅቷን ውሃ አጠጫት አልኩሽ። አፍራለሁ።

ሌላም ልንገርሽ፣ ከጀመርኩ አይቀር። አሥራ አንድ ተማሪ የለኝም። አንድ ነው ያለኝ፤ ጋሼ ቀያሹ። የተዋስኩት ወንበርም የለም።

አሁን ለጭምቷ የምታደርጊውን ስሚ። አምስት ሳምንት ከምናምን አለሽ፤ ይበቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ አንቺ አፍሽን ዝጊ፣ እሷ ጮክ ብላ ትቁጠር። ትሳሳታለች፣ ትደናበራለች፣ ከበፊቱ ትብሳለች። ዓይኗ ይለምንሻል። አትርጂያት! እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። ምላስሽን ንከሺ።

ሁለተኛው፦ ስትጫወት በሹክሹክታ ትቁጠር፣ ባዶው ቦታ ላይ ብቻ ጮክ ትበል። ያን ቦታ ለብቻው ነጥለሽ አስጠኚያት። ከሱ በፊት ያሉት ሁለት ድምፆች፣ ዝምታው፣ ከዚያ ያሉት ሁለት ድምፆች፤ ሌላ ምንም። በቀን ሃያ ጊዜ። ዝምታውም የዜማው ክፍል መሆኑን ትልመደው።

ሦስተኛው፦ ከበስተቀኟ ተነሺ። መጀመሪያ ከኋላዋ፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ፣ ከዚያ በሩ ጋ፣ ከዚያ ከበሩ ውጪ። በአንድ ቀን አትራቂ።

አራተኛው፦ እያንዳንዱን መስመር ከመሐል መጀመር ትቻል። «ከዚህ ጀምሪ» ብለሽ በጣትሽ ያሳየሻት ቦታ ላይ ሁሉ። የጠፋ ሰው መግቢያው ብዙ ከሆነ አይደነግጥም።

አምስተኛው፦ ሰው አምጪ። አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሊያስል የሚችል፣ ወንበር የሚጎትት ሰው። ቆማ ብትቀጥል ከምንም በላይ አመስግኛት። ሳትቆም መጫወቷን አታመስግኚ፤ ቆማ መቀጠሏን ነው።

ይኼን ሁሉ ላንቺ ማድረግ እችል ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳልሰጥሽ የቀረሁት መልስ ይኼ ነው።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ አሁን ብጠይቅሽ ዝም እንዳትይኝ የማባብልሽ ይመስላል። ልጅቷን ብቻ አስጫውቻት።

እትዬሽ


የካቲት 6 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ጭምቷ ስትመጣ አፌን ዘጋሁ።

የነገሩኝን ሁሉ እንዳለ አደረግሁት። በመጀመሪያው ሳምንት አለቀሰች። «ቲቸር፣ ለምን ተቆጣሽኝ?» አለችኝ። «አልተቆጣሁም፣ ያንቺን ድምፅ መስማት ፈልጌ ነው» አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት ቆጠራዋ ወፍራም ሆነ፤ ያን የሚያህል ድምፅ እዚያ ሰውነት ውስጥ የት እንደነበር አላውቅም። ስሟን ልንቀይርላት ነው።

በዝግጅቱ ቀን እኔ አዳራሹ በር ላይ ነበርኩ። ሁለተኛው ገጽ ደረሰች። እጇን አነሣች። ሰው ሁሉ እየሰማት «አንድ! ሁለት! ሦስት!» አለችና ቀጠለች። ሰዎች ሳቁ። እሷ አልሰማቻቸውም። ጨርሳ ስትወርድ «ቲቸር፣ አየሽኝ?» ነው ያለችው እንጂ ስለ ሳቁ አንድም አላነሣችም። እናቷ በሚቀጥለው ዓመት የማስጠናትን ዜማ ከአሁኑ ጠይቃኛለች።

ስለሷ ይኸው ነው። አመሰግናለሁ።

ስለኔ ደግሞ። የመጀመሪያ ሥራዬን የለቀቅሁት ሰው ፊት ቆመሽ አስረጂ ስላሉኝ ነው። «ልቤ ለዚህ አልተፈጠረም» ብዬ ጻፍኩላቸው፤ የእርስዎን ቃል ቃል በቃል። ይቺን ጠባብ ክፍል የወደድኳት ከሁለት ሰው በላይ ስለማትይዝ ነው። ሰባት ዓመት የፈሪ ሰው ኑሮ ኖርኩ፤ ፈሪ ሳልሆን። የትኛው እንደሚያናድደኝ እንኳ ገና አልለየሁም፤ መዋሸትዎ ነው ወይስ ባይነግሩኝ ኖሮ እኔም ለዚያች ልጅ ያንኑ ልነግራት የነበረ መሆኑ።

ባዶ ቤት ውስጥ መሆንዎን ሳስብ ሆዴ ይባባል። እንዲህ ስለሚባባ ነው የምጠይቅዎት፦ እኔ እስክጽፍልዎ ድረስ አይጻፉልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ አሁንም የምሰማው ከበስተቀኜ የሚቆጥርልኝን ድምፅዎን ነው። ያን ዜማ ብቻዬን ቁጭ ብዬ፣ በገዛ ድምፄ እየቆጠርኩ፣ እስከ መጨረሻው መጫወት እፈልጋለሁ። ስንት ወር እንደሚወስድብኝ አላውቅም። ስጨርስ እጽፍ ይሆናል፤ ላልጽፍም እችላለሁ። ቃል አልገባልዎትም።

ዝም ማለት ለእርስዎ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ይኼን ግን ከማንም ሌላ ሰው ልጠይቀው አልችልም።

ተማሪዎ


የካቲት 17 ቀን

ልጄ፣

ደርሶኛል።

እሺ።

እትዬሽ